ቄጠማና ሻደይ፤ የዋግ ሁለት ለምለሞች

እኛ የዋግ ሴቶች ለምለም ነገር ሳንይዝ የማንውልባቸው ሁለት ጊዜያት በዓመት ውስጥ አሉን። አንዱ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ነው፤ ያን ቀን ቄጠማ በራሳችን ላይ እናስራለን። ሁለተኛው ከነሐሴ 16 ጀምሮ ያለው የሻደይ ሰሞን ነው፤ ያን ጊዜ ልጃገረዶቻችን ሻደይ በወገባቸው ይታጠቃሉ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ያው አረንጓዴ ሣር ናቸው። ውሃ በጀርባችን ለምናመላልሰው ግን አንድ አይደሉም። ሻደይ ዝናብ መምጣቱን ይናገራል፤ ቄጠማ ደግሞ ዝናብ ሳይኖርም ውሃ መኖሩን ይናገራል። ይህንን ልዩነት ለመጻፍ የተነሳነው ወደን ብቻ አይደለም። ማኅበራችን በዚህ ዓመት ስለ ምንጫችን ዳር አንድ ውሳኔ ወስኗል፤ ውሳኔውን ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን ለማስረዳት ከስሙ መጀመር ይሻላል ብለን ነው።

ስሙን አንዳንዱ ቄጤማ፣ አንዳንዱ ቄጠማ፣ ግእዝ የተማረው ደግሞ ቀጤማ ብሎ ይጽፈዋል። እኛ በአፋችን እንደምንጠራው ቄጠማ ብለናል። ሣር ይምሰል እንጂ ሣር አይደለም። የሣር አገዳ ድቡልቡል ነው፤ አንጓም አለው። የቄጠማን አገዳ በሁለት ጣት መካከል ይዞ ለማሽከርከር የሞከረ ሁሉ እንደሚያውቀው ግን ሦስት ማዕዘን አለውና እሺ ብሎ አይዞርም። ውስጡ ድፍን ነው፤ አንጓም የለውም። የዕፀዋት ሊቃውንት ሳይፐረስ ከሚሉት ወገን ይመድቡታል። በጣና ዳር የሚበቅለው፣ ወይጦዎች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገልም የዚሁ ወገን ነው። የጥንት ግብፃውያን የደንገልን አገዳ ሰንጥቀው፣ አነባብረውና ጠፍጥፈው ይጽፉበት ነበር፤ ዛሬ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ወረቀት የሚጠራበት ስም የመጣው ከዚህ ተክል ስም ነው። እንግዲህ ቤታችን የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ዘመዶቹ ትልልቆች ናቸው።

በመጽሐፍ ቅዱስም ሁለቱ ዘመዳሞች አብረው ይታያሉ። የሙሴ እናት ልጇን ከፈርዖን ልትሸሽግ ስትል ከደንገል ሣጥን ሠርታ፣ በወንዙ ዳር ባለው ቄጠማ መካከል አስቀመጠችው። እዚህ ላይ የሴት ማኅበር ስለሆንን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም፤ ሣጥኑን የሠራችው ሴት ናት፣ ከሩቅ ቆማ የጠበቀችው ሴት ናት፣ ከውሃው ያስወጣችውም ሴት ናት። በመጽሐፈ ኢዮብ ደግሞ በልዳዶስ ደንገል ያለ ረግረግ፣ ቄጠማም ያለ ውሃ ይበቅል እንደሆነ ይጠይቃል። በልዳዶስ ይህን ያለው ልጆቹን ቀብሮ አመድ ላይ የተቀመጠን ሰው ለመውቀስ ነበርና ለቅሶ ቤት የሚባል ንግግር አልነበረም። ስለ ተክሉ የተናገረው ግን ልክ ነው። ቄጠማ ያለ ውሃ አይበቅልም።

በሀገራችን የረግረግ ተክል ስም ከውሃው አልፎ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ታይቷል። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ውሃ የማይለየው ለምለም መስክ ነው። ሽማግሌዎች ለሸንጎ የሚቀመጡት በዚያ መስክ ላይ ስለነበር ስሙ ለጉባኤው ሆነ፤ ዛሬ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ ይባላል። በአማርኛም ጨፌ እንላለን፤ ረግረጉንም፣ ከረግረጉ ታጭዶ ቤት የሚጎዘጎዘውንም ለምለም። በጎጃም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ነቅለው፣ ጎንጉነው ለቤቱ ምሰሶና ለወላጆቻቸው ያስራሉ። ከጎጃም እስከ ዋግ ይህን ሁሉ የምትነቅለውም፣ የምታጭደውም፣ የምትጎነጉነውም ሴት ናት። የነገሥታት ታሪክ ሲጻፍ አዳራሹ ምን ተጎዝጉዞበት እንደነበር አንዳንዴ ይነገር ይሆናል፤ ያን ቄጠማ ከየትኛው ምንጭ ማን እንዳመጣችው ግን የጻፈልን የለም።

አሁን ወደ ቅዳሜው እንመለስ። በቀዳም ስዑር ካህናቱ ለምእመናን ቄጠማ ያድላሉ፤ ሰውም በግንባሩ ዙሪያ ያስረዋል። ቀኑ ለምለም ቅዳሜ የተባለውም ለዚህ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ሁላችንም ከልጅነታችን የሰማነው መልስ አንድ ነው፤ በኖኅ ዘመን ርግብ የጥፋት ውሃ መጉደሉን ያበሠረችው ለምለም ይዛ ነው፣ ቅዳሜም የትንሣኤው የምሥራች የሚነገርበት ነው። ኦሪቱን ያነበበ ሰው ርግቢቱ የያዘችው የወይራ ቅጠል እንደነበር ያውቃል። በእኛ ትውፊት ግን የምሥራቹ በቄጠማ ይታሰባል። ወይራ በሀገራችን አልጠፋም፤ የወተት ዕቃችንን የምናጥነው በወይራ ነው። ታዲያ ለምን ቄጠማ? የሊቃውንቱን ትርጓሜ ለሊቃውንቱ እንተወውና የእኛን የውሃ ቀጂዎችን ሐሳብ እንናገር። ወይራ በደረቅ ተራራ ላይም ይቆማል። ውሃ ጎደለ፣ መሬት ታየ፣ ግን ሕይወት የሚያስቀጥል እርጥበት አለ ለማለት ከቄጠማ የተሻለ ምስክር የለም።

ይህ ሐሳባችን የሚበረታው ቀኑን ስናስብ ነው። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አይዘገይም። ይህ ወቅት በዋግ ምን እንደሚመስል ለደጋፊዎቻችን እንንገራቸው። ክረምቱ ካለፈ ስድስትና ሰባት ወር ሆኖታል፤ የሚቀጥለው ገና አልገባም። ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ አበርገሌ ወይም ወደ ሰሐላ ለሚወርድ ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት ግራጫ ድንጋይና ቅጠሉን ያራገፈ ቁጥቋጦ ነው። ወንዞቹ አሸዋ ሆነዋል። በዚህ ጊዜ አንዲት ሴት የእርጥብ ቄጠማ ሸክም ይዛ ሰቆጣ ገበያ ከገባች፣ ያ ሸክም ከአንድ ቦታ የመጣ ነው ማለት ነው፤ በበጋ ከማይደርቅ ምንጭ። ቄጠማው የት እንደታጨደ የምታውቅ ሴት ውሃ የት እንዳለ ታውቃለች። እናቶቻችን የውሃ ካርታ አልነበራቸውም፤ ይህንን ነበር የሚያውቁት።

ስለ አጠቃቀሙ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በየቤታችን ያለ ነው። በዓል ሲሆን፣ ሰርግ ሲሆን፣ እንግዳ ሲመጣ ይጎዘጎዛል። ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሥር ይነሰነሳል። የአፈር ወለል ባለበት ቤት ውሃ ረጭቶ ቄጠማ መጎዝጎዝ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አቧራውን ያስተኛል፣ ቤቱን ያቀዘቅዛል፣ ሽታውም እጣን ሳይጨስ እንኳ ቤቱን የበዓል ያደርገዋል። እንስራ በጀሪካን ከመተካቱ በፊት እናቶቻችን ውሃው በመንገድ እንዳይፈስስ በእንስራው አፍ ላይ ለምለም ጣል ያደርጉ ነበር። ለሞሰብና ለስፌት ግን ቄጠማ አይሆንም፤ ለዚያ አክርማና ስንደዶ አሉ። ቄጠማ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይጠወልጋል፣ ሰው የሚወደውም ለዚህ ይመስለናል፤ ለዚያች ቀን ብቻ ተብሎ የመጣ ነውና።

ለስላሳነቱ ግን መጥፎ ስም አሰጥቶታል። የፈራ ወይም የደከመ ሰው «ጉልበቱ ቄጠማ ሆነ» ይባላል። ይህን አባባል ያወጣው ሰው ቄጠማን ወለል ላይ እንጂ ምንጭ ዳር አላየውም ብለን እናምናለን። ሥሩን ለመንቀል የሞከረች ሴት እንዲህ ብላ አትተርትም። ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ከመሬት በታች እንደ ሰሌን የተዘረጋ ነው፤ አንዱን ስትስቢ የጎረቤቱ አብሮ ይነሣል።

ስለ ሻደይ ደግሞ እንናገር። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 15 አልቆ በማግስቱ ልጃገረዶች ተሠርተው፣ ተኩለው፣ የእናቶቻቸውን ጌጥ አድርገው፣ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። በወገባቸው ዙሪያ ረጅሙን ለምለም ይታጠቃሉ፤ ሲጨፍሩ የሚወዛወዘው እሱ ነው። እስከ ነሐሴ 21 ድረስ ከቤተ ክርስቲያን ወደ አደባባይ፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይጫወታሉ፤ የተጫወቱለት ሰውም ያለውን ይሰጣቸዋል። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። አሸንዳም አሸንድዬም የበዓል ስም ብቻ አይደሉም፤ ልጃገረዶቹ የሚታጠቁት የተክሉ ስም ናቸው። በዓሉ በተክሉ ተጠራ እንጂ ተክሉ በበዓሉ አልተጠራም። የእኛው ሻደይም እንደዚሁ ነው፤ የሀገራችን ሰዎች ቃሉን ለምለም ከሚል የኽምጣኛ ቃል ያመጡታል። ኽምጣኛ የአገው ቋንቋ ነው፤ ከአዊው አውንጊ፣ በኤርትራ ከሚነገረው ብሊንና ከቅማንትኛ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ቋንቋውን የማይናገሩ የሰቆጣ ልጆች ሻደይ ብለው ሲጫወቱ፣ ከቅድመ አያቶቻቸው ቋንቋ አንድ ቃል በወገባቸው ታጥቀው ይዞራሉ ማለት ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

የሻደይ ለምለም የክረምት ለምለም ነው። የዋግ ዝናብ ዋናው በሐምሌና በነሐሴ ይጥላል። ሐምሌ ከጣለ በነሐሴ አጋማሽ ዳገቱ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል፤ ልጆቹም ሩቅ ሳይሄዱ ያገኙታል። ካልጣለ ግን መጀመሪያ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የሚታጠቁት ያጣሉና። ገበሬው ማሳውን እያየ ተስፋ ሳይቆርጥ ሊቆይ ይችላል። ወገቧ ላይ የምታስረውን ፍለጋ ወጥታ ባዶ እጇን የተመለሰች ልጅ ግን ክረምቱ እንደከዳ አወቀች።

2007 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። በሐምሌ ወር መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ይፋ አደረገ፤ እስከ 2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማጥፋት የተገባ ቃል ነው፤ ሥራውም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀመረ። የከተማችን ስም በመልካም ነገር ሲነሣ መስማት ለብዙዎቻችን አዲስ ነበር። ከዚያ በፊት የዋግ ስም በውጭ ሰው ጆሮ የሚገባው ከ1977ቱ ረሃብ ጋር ነበርና። በዚያው ክረምት ግን ኤልኒኖ ዝናቡን አዛባ። በ2008 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ የዕለት ምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን ደረሰ፤ ዋግ ኽምራም ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ነበረች። ስለ መቀንጨር ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ምግብ ነው፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመን። ልክ ነው። ነገር ግን እናቲቱ ግማሽ ቀኗን ውሃ ፍለጋ ከዋለች፣ ሕፃኑ ያን ግማሽ ቀን አልጠባም። የተገኘው ውሃ ከብት የገባበት ከሆነ ደግሞ የበላውን በተቅማጥ ያወጣዋል። ቃል ኪዳኑ ራሱ ከጤናና ከግብርና ጋር ውሃንም የያዘው ለዚህ ነው።

ሻደይ የጠፋበት ዓመት ላይ ሰው የሚተርፈው በቄጠማው ምንጭ ነው። ስለዚህ የምንጩን ዳር ምን እየጎዳው እንደሆነ ተመካከርን። ቄጠማ በምንጭ ዳር ሥራ ፈት አይደለም። በክረምት ከዳገት የሚወርደውን ደለል አገዳው ይይዘዋል፤ ጎርፉም ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ውሃው ወደ መሬት ለመግባት ጊዜ ያገኛል። ሥሩ የምንጩን አፈር አጥብቆ ስለሚይዝ ዳሩ አይናድም። ጠላቶቹ ብዙ ናቸው። ከብት ሲገባበት በሰኮናው ይረግጠዋል፤ የተረገጠው ረግረግ ይደድራል። ውሃውን በቦይ አጠንፍፎ ሽንኩርትና ጎመን መትከል በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ይሰጣል፤ ምንጩ ከሸሸ በኋላ ግን አትክልቱም የለም። ባሕር ዛፍም አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ ለማገዶና ለቤት ሥራ ስንት ሰው ያዳነ ዛፍ ነው፤ አናማውም። ምንጭ ራስጌ ሲተከል ግን ውሃውን እሱ ይቀድመናል።

ለምለም የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው ማለታችንም አይደለም። በጣና ሐይቅ ላይ በ2004 ዓ.ም. የታየው እምቦጭ ከሩቅ ሲያዩት ለምለም ነው፤ አበባውም ያምራል። ዓሣ አስጋሪውን ከሥራ ያስወጣ፣ ጀልባውን ያሰረ ግን እሱ ነው። እምቦጭ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ መሬት አይዝም። ቄጠማ መሬት ይይዛል።

ከሁሉም የከበደን የመጨረሻው ጠላት ጉዳይ ነበር፤ እሱ እኛው ነን። ከአባሎቻችን መካከል መሬት የሌላቸው፣ ባል የሞተባቸው፣ በበዓል ዋዜማ የሚሸጡት ቄጠማ የበዓሉን ዘይትና ሽንኩርት የሚገዛላቸው አሉ። ለእነሱ የምንጩን ዳር አጥሩት ማለት የፋሲካ ድስታቸውን ድፉት ማለት ነው። ውሃ ቀጂዎቹ ደግሞ በየዓመቱ ቄጠማው ወደ ውስጥ እየሸሸ፣ ምንጩም እየቀጠነ መሄዱን አይተዋል። ሁለቱም እውነት ነው። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ ድምፅም ከፍ ያለበት ጊዜ ነበር። በመጨረሻ ግን ልዩነቱ በመታጨዱና ባለመታጨዱ ላይ ሳይሆን በአስተጫጨዱ ላይ መሆኑን አጫጆቹ ራሳቸው አስረዱን። በማጭድ ከሥሩ ከፍ ተደርጎ የታጨደ ቄጠማ መልሶ ያቆጠቁጣል። ለፍጥነት ሲባል ከነሥሩ የተነቀለ ግን ቦታውን ባዶ ትቶ ይሄዳል። ነቅለው የሚወስዱት ደግሞ ባብዛኛው ለጅምላ ነጋዴ የሚያቀርቡ፣ የምንጩ ሰዎች ያልሆኑ ናቸው።

ስለዚህ የተስማማንበት እንዲህ ነው። ከምንጩ ዐይን ዙሪያ ያለው ቄጠማ አይነካም፤ በእሾህ አጥር ይከለላል። ከአጥሩ ውጭ ያለውን ሁለት ቦታ ከፍለን አንዱ ለፋሲካ፣ ሌላው ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ይታጨዳል። የሚያጭዱት የማኅበሩ አባላት ብቻ ናቸው፤ ያውም በማጭድ። ቅድሚያ ለመበለቶችና ለአካል ጉዳተኞች ነው። ለከብት ከምንጩ በታች ገንዳ ይሠራል። ደጋፊዎቻችን ከላካችሁት ገንዘብ ለገንዳው ሲሚንቶ መግዣ የዋለው ይኸው ነው፤ አጥሩን በጉልበታችን አጥረናል። ምንጭ ይጎልብት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ግንቡና ቧንቧው ነው። ግንቡ እንዲሠራልን አሁንም እንጠይቃለን፤ ግን ግንቡን ሊሠራ የሚመጣ ሁሉ ቄጠማውን ቆሻሻ ነው ብሎ እንዳይመነጥርብን ከወዲሁ እንናገራለን።

በትልልቅ ከተሞች ወለል ላይ የሚነጠፍ የፕላስቲክ ሣር መጥቷል። ታጥቦ ለሚቀጥለው በዓል ይቀመጣል፤ ወጪም ያድናል፤ የገዛችውን እህት አንወቅስም። ሽታ ግን የለውም፤ ከየት እንደመጣ ቢጠየቅም የሚነግረን ስለ መደብር እንጂ ስለ ምንጭ አይደለም።

አንድ ሥራ ቀርቶናል። በዋግ ብዙ ምንጭ ሁለት ስም አለው፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኽምጣኛ። አንዳንዱ ስም ስለሚበቅልበት ተክል ወይም ስለ ውሃው ጣዕም ይናገራል። ስሞቹን የሚያውቁት አሮጊቶቻችን ናቸው፤ ወጣቶቹ «ከቦኖው ጀርባ ያለው» ብለን መጥራት ጀምረናል። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ እያንዳንዷ አባል ከአያቷ ወይም ከጎረቤቷ አሮጊት የሰማችውን አንድ የምንጭ ስም፣ የት እንደሚገኝና በሚያዝያ ቄጠማ ይኖረው እንደሆነ ይዛ ትምጣ። ጸሐፊያችን በሁለቱም ቋንቋ ትመዘግባለች። ኽምጣኛ መጻፍ የሚችሉ የትምህርት ቤት ልጆች ያሏችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፤ ቡናው የማኅበሩ ነው።